ሄይምዳል የሚባለው ዘበኛና የእኛ ጠባቂ



ከጥቂት ወራት በፊት እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንድ ወጣት ወንድም ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ። በመዘምራን ውስጥ የሚያገለግል፣ ስልክ በመጠገን የሚተዳደር ልጅ ነው። እናቱንና ታናሽ እህቱን የሚረዳውም እርሱ ነው። ጥያቄውን ለመጀመር ትንሽ አፈረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርማው ላይ ቆሞ አልከፈት ያለ የሳምሰንግ ስልክ ሲመጣለት ፍላሽ የሚያደርግባቸው ሁለት ፕሮግራሞች ኮምፒውተሩ ላይ አሉት። የአንዱ ስም ኦዲን ነው፤ የሌላው ሄይምዳል። አብሮት የሚጸልይ አንድ ሰው የስሞቹን ትርጉም ፈልጎ ካነበበ በኋላ «እነዚህ የአረማውያን አማልክት ናቸው። ፕሮግራሙን በከፈትህ ቁጥር ስማቸውን እየጠራህ በር ትከፍትላቸዋለህ። ሥራህ ያልተባረከውም ለዚህ ነው» ብሎታል። ልጁ ሁለቱንም ከኮምፒውተሩ አጠፋ። ከዚያም ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳምሰንግ ይዞ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ እየመለሰ ቆየ።

እኔ ሳቅሁ። ይህን እንድጽፍ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ያ ሳቅ ነው። «ኧረ ተወው፣ ስም ምን ያደርግሃል! ጣዖት ከንቱ ነው» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ሸኘሁት። ቤት ገብቼ 1ኛ ቆሮንቶስ 8ን ስከፍት ግን ደነገጥሁ። እኔ የነገርሁት ቃል እዚያው አለ፤ ጳውሎስ ጣዖት ከንቱ መሆኑን ይናገራል። ነገር ግን እዚያ አያቆምም። ይህ እውቀት በሁሉ ዘንድ እንዳልሆነ፣ ክርስቶስ የሞተለት ደካማ ወንድም በእኔ እውቀት ምክንያት ሊጠፋ እንደሚችልም ይጨምራል። እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ፣ ያውም እየሳቅሁ፣ ሰጥቼው ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ይህ ሄይምዳል የሚሉት ማን እንደ ሆነ አነበብሁ።

ሄይምዳል ዛሬ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና አይስላንድ በምንላቸው አገሮች ይኖሩ የነበሩ የጥንት ሕዝቦች የሚያመልኩት የአማልክት ዘበኛ ነው። ስለ እርሱ አብዝቶ የጻፈልን ስኖሪ ስቱርሉሶን የሚባል የአይስላንድ ሰው ነው፤ ዘመኑም 13ኛው መቶ ዓመት ነው። እንደ ስኖሪ አተራረክ የአማልክትን መኖሪያ ከምድር ጋር የሚያገናኝ ድልድይ አለ፤ ቢፍሮስት ይባላል፤ እርሱም ቀስተ ደመናው ነው። ሄይምዳል በዚያ ድልድይ ጫፍ፣ በሰማይ ዳርቻ ተቀምጦ ግዙፋኑ ጠላቶች እንዳይሻገሩ ይጠብቃል። ጥርሱ ወርቅ ነው። ሌሊትም ሆነ ቀን እጅግ ሩቅ ያያል። የሣር ቡቃያ ከመሬት ሲወጣ፣ የበግ ፀጉር ሲያድግ እንኳ ይሰማል ይሉታል። ጊያላርሆርን የሚባል ቀንድ አለው፤ ሲነፋው በዓለማት ሁሉ ይሰማል። እንቅልፉም ከወፍ ያነሰ ነው።

«ከወፍ ያነሰ» የምትለዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ስሙ ዛሬ ያልገባበት የለም። ኖርዌይ ውስጥ ከትሮንሄም ከተማ በስተ ደቡብ ሄይምዳል የሚባል ሰፈር አለ። ስዊድን ውስጥ የኮምፒውተር ተጠቃሚዎችን ማንነት የሚያረጋግጥ ሶፍትዌር ሠርተው በዚሁ ስም ጠርተውታል። ይህ ሶፍትዌር የተመሠረተበት አሠራር ራሱ ከርቤሮስ ይባላል፤ እርሱም በግሪኮች ተረት የሙታንን ደጅ የሚጠብቅ ባለ ሦስት ራስ ውሻ ነው። ዴንማርክ ውስጥም ኮምፒውተርን ከሌቦች የሚጠብቅ ድርጅት በሄይምዳል ስም ይሠራል። የእኛ ወንድም የተቸገረበት ፕሮግራም ደግሞ ኦዲን የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ስለ ሆነ በሊኑክስና በማክም እንዲሠራ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ኦዲን በተረቱ የአማልክት አለቃ ነው፤ ለጓደኛው ፕሮግራም ስም ሲፈለግ ከዚያው ቤተሰብ ተወሰደ።

ወጣቶቻችን ግን ስሙን የሚያውቁት ከፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የማርቭል «ቶር» ፊልም ላይ ሄይምዳልን ሆኖ የተጫወተው ኢድሪስ ኤልባ ነው፤ አባቱ ከሴራሊዮን፣ እናቱ ከጋና የሆኑ ጥቁር እንግሊዛዊ። የጥንቶቹ ጽሑፎች ሄይምዳልን ከአማልክት ሁሉ ነጭ ስለሚሉት፣ እንዴት ጥቁር ሰው ይጫወተዋል ብለው የተቆጡ ሰዎች ነበሩ። (ያልነበረ ሰው ቆዳው ምን ዓይነት ነበር ብሎ መጣላት ይገርማል።) በ2022 የወጣ አንድ ታዋቂ የቪዲዮ ጨዋታ ላይም አለ። እንግዲህ ልጆቻችን ይህን ስም ሲጠሩ ብንሰማ ከየት አመጡት ብለን መደንገጥ የለብንም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። የሐሰት አምላክ ስም ያለበትን ነገር መጠቀም ኃጢአት ነውን?

ያንን ወንድም ያስፈራራው ሰው ያለ ጥቅስ አልመጣም፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል። በዘጸአት 23፥13 እግዚአብሔር ሕዝቡን የሌሎች አማልክትን ስም እንዳይጠሩ፣ ከአፋቸውም እንዳይሰማ ያዛል። በሆሴዕ ምዕራፍ 2ም የበኣሎችን ስም ከሕዝቡ አፍ እንደሚያስወግድ ይናገራል። ቃሉ ቀላል አይደለም፤ «ያ ለድሮ ነው» ብለን የምናልፈው አይደለም። ነገር ግን እነዚሁ መጻሕፍት በኣልን፣ ዳጎንን፣ ካሞሽን፣ ሞሎክን በስማቸው እየጠሩ ይነግሩናል። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ የበኣልን ስም ጠርቶ ቀልዶበታል። ታዲያ የተከለከለው ምንድን ነው? ኢያሱ 23፥7 ይፈታዋል፦ በስማቸው መማል፣ እነርሱን ማምለክ፣ ለእነርሱ መስገድ። ስምን መጥራት ማለት በመጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋ መታመን ነው፤ በጭንቅ ቀን «ድረስልኝ» ማለት ነው። ሳምሰንግ ሲበላሽበት ፕሮግራም የሚከፍት ልጅ ለኦዲን «ድረስልኝ» አላለም።

ከዚያም አልፎ ዳንኤልን ተመልከቱ። ባቢሎናውያን ስሙን ለውጠው ብልጣሶር አሉት፤ ናቡከደነፆር ራሱ በምዕራፍ 4 ይህ የአምላኬ ስም ነው ይላል። ዳንኤል የንጉሡን መብል ላለመብላት ልቡን ቆረጠ፤ ወደ አንበሶች ጉድጓድ እስከ መጣል ድረስ ጸሎቱን አልተወም። ስለ ስሙ ግን ሲከራከር አናነብም። መስመሩን የት እንደሚያሰምር ያውቅ ነበር። በአዲስ ኪዳንም አጵሎስ ስሙን ያገኘው ከአፖሎ ነው። አፍሮዲጡ የሚለው ስም አፍሮዲት ከምትባለው ጣዖት የመጣ ነው። በሮሜ 16 ጳውሎስ ሰላምታ ከሚልክላቸው አንዱ ሄርሜን ይባላል፤ ይህም የግሪኮች ጣዖት ስም ነው። ጳውሎስ ለአንዳቸውም «ስምህን ካልለወጥህ አታገልግል» አላለም። ወንድሞቼ ብሎ ጠራቸው፤ አብረውት የሚሠሩ አላቸው።

በአሜሪካና በእንግሊዝ የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ደጃችሁ አለ። የእኛ ቀኖች በአብዛኛው ቁጥር ናቸው፤ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ዌንስደይ ግን የኦዲን ቀን፣ ተርስደይ የቶር ቀን ነው። ማንም አማኝ የረቡዕ ጸሎቱን «በዌንስደይ አንጸልይም» ብሎ አላቋረጠም።

ብዙ ጊዜ ያለፍሁት፣ አሁን ግን እንደ አዲስ ያየሁት ሌላ ክፍል የሐዋርያት ሥራ 28፥11 ነው። ጳውሎስ ከመርከብ መሰበር ተርፎ በመላጥያ ደሴት ሦስት ወር ከረመ። ከዚያ ወደ ሮም የወሰደው መርከብ የዲዮስቆሮስ ምልክት ነበረበት። ዲዮስቆሮስ ማለት ግሪኮችና ሮማውያን የመርከበኞች ጠባቂዎች ብለው የሚያመልኳቸው መንትያ አማልክት ናቸው። ሉቃስ ይህን ጻፈልን እንጂ አንድም አስተያየት አልጨመረበትም። ጳውሎስ «የጣዖት ምልክት ባለበት መርከብ አልሄድም» አላለም፤ ምልክቱንም በዘይት ቀብቶ አልገሠጸውም። ከምዕራፉ በፊት በማዕበሉ መካከል ሌሊት መልአክ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ጳውሎስም የእርሱ የምሆን፣ የማመልከው አምላክ ብሎ ላከው የሚለውን ጌታ ለመርከበኞቹ ነግሯቸዋል። የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው በመርከቡ ፊት የተቀረጸው ነገር እንቅልፍ አይነሣውም።

ስም ራሱ ኃይል አለው ለሚሉ ደግሞ በሐዋርያት ሥራ 19 ያሉት የአስቄዋ ልጆች አሉላቸው። እነዚህ ሰዎች የጠሩት የኦዲንን ስም አልነበረም፤ የጌታ የኢየሱስን ስም ነበር። ነገር ግን ጌታን ሳያውቁ ስሙን እንደ ድግምት ስለ ተጠቀሙበት ርኩስ መንፈስ ያለበት ሰው አሸንፏቸው ቆስለውና ራቁታቸውን ሸሹ። ከስሞች ሁሉ በላይ የሆነው ስም እንኳ ያለ እምነት ሲጠራ እንደ ቁልፍ በር የማይከፍት ከሆነ፣ የተረት ዘበኛ ስም ያለ አምልኮ ሲጠራ እንዴት በር ይከፍታል?

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ነገሩ ሁሉ ተረት ነው፣ ማንም አያመልከውም ማለቴ አይደለም። በአይስላንድ እነዚህን የጥንት አማልክት መልሶ ለማምለክ እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተ ማኅበር አለ፤ በመንግሥትም የታወቀ ነው። አንድ ሰው በቅንነት ወደ እነዚህ አማልክት ቢጸልይ፣ መሥዋዕት ቢያቀርብላቸው፣ ያ ሌላ ነው፤ ለአሕዛብ ጣዖት የሚሠዋ ለአጋንንት እንደሚሠዋ ያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ተናግሯል። ልጆቻችንም በፊልሙ ተማርከው ወደ ምልክቶቹና ወደ ሥርዓቶቹ መሳብ ቢጀምሩ ቁጭ ብለን ልናነጋግራቸው ይገባል። ፍላሽ ማድረግና መሠዋት ግን አንድ አይደሉም።

ሳነብ ካገኘኋቸው ነገሮች በጣም የነካኝ አንድ ድንጋይ ነው። በሰሜን እንግሊዝ፣ በካምብሪያ፣ ጎስፎርዝ በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በ10ኛው መቶ ዓመት የተጠረበ ረጅም የድንጋይ መስቀል አለ። ቁመቱ ከ4 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ዘመን ከስካንዲኔቪያ የመጡ ሰዎች በአካባቢው ሰፍረው ወንጌልን እየተቀበሉ ነበር። በመስቀሉ በአንደኛው ገጽ ላይ ቀንድ የያዘ ሰው አፋቸውን ከከፈቱ አውሬዎች ፊት ቆሟል፤ ብዙ ሊቃውንት ሄይምዳል ነው ይሉታል። በሌላው ገጽ ላይ የተሰቀለው ጌታ አለ። ድንጋዩን የጠረበው ሰው ምን ብሎ እንዳሰበ ከድንጋዩ ሌላ ምስክር የለንም። እኔ ሳየው ግን አንድ አዲስ አማኝ ትዝ ይለኛል፤ አያቶቹ ተስፋ ያደረጉበትን ዘበኛ በአንድ ወገን፣ አሁን ያመነበትን ጌታ በሌላው ወገን አድርጎ ሁለቱን የሚያስተያይ ሰው።

እስቲ እኛም እናስተያያቸው። ራግናሮክ በሚባለው በአማልክቱ የመጨረሻ ቀን ጠላቶቹ ይመጣሉ። በስኖሪ አተራረክ መጀመሪያ ጠላቶቹ ሲጋልቡበት ቢፍሮስት ይሰበራል፤ ሄይምዳል ተነሥቶ ቀንዱን መንፋቱ የሚነገረው ከዚያ ቀጥሎ ነው። የእኛ ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል። ሣር ሲበቅል የሚሰማው ጆሮ ድልድዩን አላዳነም። ከዚያም ሄይምዳልና ጠላቱ ሎኪ ተዋግተው እርስ በርሳቸው ይገዳደላሉ። ተረቱ ከጥፋቱ በኋላ ምድር እንደ ገና እንደምትለመልም፣ አንዳንድ አማልክትም እንደሚመለሱ ይናገራል፤ ከሚመለሱት መካከል ግን የሄይምዳል ስም የለም። በፊልሙም ቢሆን አልተረፈም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ላይ ሲሞት አይታችኋል።

የሰው ልጅ የሚችለውን ያህል ጎበዝ ዘበኛ በሐሳቡ ሲሠራ የደረሰበት ይህን ነው። ዓይኑን አራቀለት፣ ጆሮውን አሰላለት፣ ጥርሱን ወርቅ አደረገለት። እንቅልፉን ግን ጨርሶ ሊያጠፋለት አልቻለም። ከወፍ ያነሰ አለ፤ ያው እንቅልፍ ነው። መዝሙር 121 ስለ እስራኤል ጠባቂ ሲናገር «ትንሽ ይተኛል» አይልም። አያንቀላፋም፣ አይተኛም ነው የሚለው። ይህን መዝሙር ሕፃን ሆነን በቃላችን ስለ ያዝነው ምን ያህል ደፋር ንግግር እንደ ሆነ አይታወቀንም። የሄይምዳል ተራኪዎች ስለ ዘበኛቸው ይህን አላሉም። ኤልያስ በበኣል ነቢያት ላይ ሲቀልድ ምናልባት ተኝቶ ይሆናል ማለቱን አስታውሱ፤ ቀልዱ የሚያምመው እውነት ስለ ነበረበት ነው።

ቀስተ ደመናውንም አስተውሉ። በኖርስ ሰዎች ዘንድ ቀስተ ደመና አማልክቱ የሚፈሩበት ቦታ ነው፤ ጠላት የሚገባበት በር ስለ ሆነ ዘበኛ ቆሞበታል። በዘፍጥረት 9 ግን ቀስቱ ዘበኛ የለውም። እግዚአብሔር ራሱ አይቶት ቃል ኪዳኑን የሚያስብበት ምልክት ነው። ከዝናብ በኋላ ሰማዩን ቀና ብሎ የሚያይ አንዱ «ጠላት ከየት ይመጣ ይሆን» ይላል፤ ሌላው «እግዚአብሔር አስቦናል» ይላል። ያው አንድ ቀስተ ደመና ነው።

አንድ አንባቢ እዚህ ጋ «የእኛም ጌታ እኮ በታንኳ ውስጥ ተኝቷል፤ በመስቀልም ላይ ሞቷል» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፤ ወንጌሉ ራሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጌታችን እንደ ሰው ደክሞት ትራስ ተንተርሶ ተኛ፤ በነፋሱ ላይ ያለው ሥልጣን ግን አልተኛም። በጌቴሴማኒ ደግሞ ጴጥሮስና ሁለቱ ወንድማማቾች ሲያንቀላፉ ብቻውን የነቃ እርሱ ነበር። ሄይምዳል የሞተው ድልድዩ ከተሰበረ በኋላ፣ ጠላቱን ይዞ ነው፤ ማንንም አላዳነም። መልካሙ እረኛ ግን በጎቹ እንዳይሞቱ ሞተ። መቃብሩንም ዘበኞች ጠበቁት። እነዚያ ዘበኞች ምን ብላችሁ ተናገሩ ተባሉ? «ተኝተን ሳለን ደቀ መዛሙርቱ ሰረቁት።» ዘበኛ መተኛቱን እንዲመሰክር ገንዘብ የተከፈለው በዚያ ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በሦስተኛው ቀን ተነሣ፤ የሚጠብቀን እርሱ ነው።

በአይስላንድ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ በአገሩ ሸንጎ ላይ ተሰብስቦ ክርስትናን ተቀበለ። ስኖሪ የአማልክቱን ተረት የጻፈው ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ራሱም ክርስቲያን ሆኖ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥም ክርስቲያኖች በእነዚህ አማልክት ማመን እንደሌለባቸው ይናገራል። ስለ ሄይምዳል የምናውቀውን አብዛኛውን ያቆዩልን እንግዲህ ክርስቲያኖች ናቸው። ስሙን አልፈሩትም፤ ጻፉት።

ከእነዚሁ አገሮች ደግሞ ወንጌል ወደ እኛ መጣ። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ ደረሱ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦኔሲሞስ ነሲብ የተጠመቀው በእነርሱ ዘንድ ነው። የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮን እ.ኤ.አ. በ1948 ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ገባ። በ1950ዎቹ ደግሞ ከስኖሪ አገር ከአይስላንድ የመጡ ሚስዮናውያን ኮንሶ ላይ ማገልገል ጀመሩ። ከእናንተ መካከል አያቶቻችሁ በእነዚህ ሰዎች ክሊኒክ የታከሙ፣ በትምህርት ቤታቸው ፊደል የቆጠሩ አላችሁ። የሄይምዳልን ልጆች ያሸነፈው ወንጌል በሄይምዳል ስም የሚፈራ አይደለም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ብዙዎቻችን ወደ ጌታ ስንመጣ ከአንገታችን ላይ ክታብ በጥሰናል። ደግ አደረግን። ዛሬ ግን መዝሙር 91ን በታክሲ መስተዋት ላይ ለጥፈን፣ መኪናው በትክክል ይነዳ አይነዳ ሳንጠይቅ የምንሳፈር አለን። ቤታችን ውስጥ የተቀባ ዘይት ሲያልቅ እንቅልፍ የሚያጣ አማኝ አውቃለሁ። ክታቡን በጥሰን የክታቡን ፍርሃት ግን አልበጠስነውም፤ ቃሉን ራሱን ክታብ አደረግነው። አንድ ሰው ፕሮግራም በከፈተ ቁጥር አጋንንት ይገባሉ ብሎ የሚያስተምር ሰው፣ ሳያውቀው፣ የእግዚአብሔር ልጆች ጠባቂ እንቅልፋም ነው ብሎ እያስተማረ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ቀንዱ ነው። ሕዝቅኤል 33 ሰይፍ ሲመጣ አይቶ ቀንደ መለከት ስላልነፋ ጉበኛ ይናገራል፤ የሚጠፋው ሰው ደም ከእጁ ይፈለጋል። እኛ ቀንዱን የምንነፋው በምን ላይ ነው? በስልክ ፕሮግራም ስም ላይ፣ በልብስ ላይ በታተመ አርማ ላይ፣ በካርቱን ላይ። በስደት መንገድ ላይ በደላላ እጅ የሚጠፉትን ልጆቻችንን፣ ለትንቢት ገንዘብ የሚቀበለውን አገልጋይ፣ በሽማግሌዎች መካከል ዓመታት የቆየውን ኩርፊያ በተመለከተ ግን መለከቱ ዝም ይላል። እነዚህ ሰይፎች ናቸው፤ ከሩቅም ይታያሉ፤ ለማየት የሄይምዳል ዓይን አያስፈልግም። ባልሆነው ነገር ሁሉ የሚጮኽ ጉበኛ እውነተኛው ሰይፍ ሲመጣ የሚሰማው የለም። እኔም በሳቄ ከእነዚህ ጉበኞች አልተለየሁም፤ አንዱ ልጁን በፍርሃት አስሮት ነበር፣ እኔ ደግሞ እንደ ታሰረ ሸኘሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጁን ፈልጌ ሱቁ ድረስ ሄድሁ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ሻይ አዝዞልኝ ሐዋርያት ሥራ 28ን አብረን አነበብን። ዲዮስቆሮስ ማን እንደ ሆኑ ስነግረው «እና ጳውሎስ ዝም ብሎ ተሳፈረ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ተሳፈረ አልሁት። ከዚያ የጸሎት ቡድኑን ወንድም ስም ሳያነሣ «እርሱም ክፉ አስቦ አይደለም» አለኝ። ይህን ሲል ከሁለታችንም ይልቅ የበሰለው እርሱ እንደ ሆነ ተሰማኝ።

ኅሊናህ ካልፈቀደ አታድርገው፣ በእምነት ያልሆነ ሁሉ ኃጢአት ነው ይላል ቃሉ፤ ኅሊናህ ከፈታህ ግን በነፃነት ሥራ፣ እናትህንም አብላ አልሁት። ጥቂት አሰበና ፕሮግራሞቹን መልሶ እንደሚጭን ነገረኝ። ባለፈው ሳምንት በሱቁ በኩል ሳልፍ ጎራ አልሁ። ሁለቱም በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ አሉ፤ ግን የአቋራጮቹን ስም ለውጧቸዋል። አንዱን «ማደሻ 1»፣ ሌላውን «ማደሻ 2» ብሎታል። አየሁት፣ ምንም አላልሁም። አንዲት እናት የልጃቸውን ስልክ ይዘው ቆመው ነበር፤ እርሱም «ማደሻ 2»ን ከፈተና ሥራውን ቀጠለ።